ስለ ፓንክ ለሚጠይቁን ሁሉ

የአንድ ወዳጃችን ልጅ በቅርቡ ምድር ቤት ያለውን ዕቃ ሲያገላብጥ አንድ ቢጫ ካሴት አገኘ። ሽፋኑ ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት ጉልላት በመብረቅ ሲመታ ይታያል። «አባዬ፣ አንተ ባድ ብሬይንስ ትሰማ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ወዳጃችን ይህን ሲነግረን ሳቅን። ካሴቱ የአንድ ሰው አልነበረማ! እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በሱዳን በኩል መጥተን ዋሽንግተን ፓርኪንግ ስንሠራ እየተቀባበልን የሰማነው የጋራ ንብረታችን ነው።

ያኔ ያገራችን ሰው «ምን ነካችሁ? ይሄ እኮ የእብድ ጩኸት ነው» ይለን ነበር። እውነትም ጩኸት ነው። (ጥላሁንን ከዳን ማለት እንዳልሆነ ይታወቅልን፤ ጥላሁን የቅዳሜ ማታ ነው፣ ፓንክ የሌሊት ፈረቃ።) ከቀይ ሽብር ተርፎ የመጣ ሰው በደረቱ የያዘው ነገር በትዝታ ብቻ አይወጣለትም። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ፣ ይቅርታ የማይጠይቅ ዘፈን አንዳንዴ ከእንባ ይሻላል።

ባድ ብሬይንስ አራት የዋሽንግተን አካባቢ ጥቁር ወጣቶች ነበሩ። መጀመሪያ ጃዝ ቀመስ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር፤ በ1977 ገደማ ወደ ፓንክ ዞሩና ከነጮቹ ሁሉ ፈጥነው ተገኙ። ኋላም ራስተፈሪያን ሆኑ። እንግዲህ የነገሩን ግርምት አስቡት። ከመካከላችን በ1966 ዓ.ም. «ንጉሡ ይውረዱ» ብሎ አደባባይ የወጣ አለ። እዚህ ስንደርስ አረንጓዴ ቢጫ ቀያችንን የለበሱ ወጣቶች በዚያው ንጉሥ ስም ይምላሉ። አዲስ አበባ ደግሞ የንጉሡ አጽም ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ ተቆፍሮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በፖለቲካው አልተስማማንም፤ ዛሬም አንስማማም። ሙዚቃውን ግን አልተውነውም።

የበለጠ የገዛን ግን አሠራራቸው ነው። በ1980 ጥቂት የዋሽንግተን ልጆች ትልልቆቹን አሳታሚዎች ደጅ ከመጥናት ብለው ዲስኮርድ የሚባል የራሳቸውን አሳታሚ አቋቋሙ። የመጀመሪያውን ሸክላ 1,000 ቅጂ አሳትመው ሽፋኑን በእጃቸው እየቆረጡና እያጣበቁ ሸጡ። ከዚያው ቤት የወጣው ፉጋዚ የተባለው ባንድ ስሙ ከገነነ በኋላም ለዓመታት መግቢያውን 5 ዶላር አካባቢ አድርጎ ዕድሜ ሳይለይ ሁሉንም ያስገባ ነበር። በ1985 የከተማው ፓንኮች ባልዲና ከበሮ ይዘው በደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ፊት አፓርታይድን ተቃወሙ። በጥር 1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ፉጋዚ ከኋይት ሐውስ ፊት ለፊት ባለው መናፈሻ በብርድ ተጫወተ። ማንም «ተጋባዥ የክብር እንግዳ» አላላቸውም።

ቅዱሳን ነበሩ አንልም። የናዚ ምልክት ለጥፎ አዳራሽ የሚገባም ፓንክ ነኝ ይል ነበር፤ እሱን ለማስወጣት የታገሉትም ፓንኮቹ ራሳቸው ናቸው።

ታዲያ እኛስ? ዘጠኝ ሰዓት የተጠራ ስብሰባ አሥራ አንድ ሰዓት ይጀመራል። መግቢያው 50 ዶላር ነው። ከፊት ያለው ረድፍ ለዶክተሮችና ለሊቀ መንበሮች ይያዛል፤ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ንግግር ይደረጋል፤ «ድር ቢያብር» ተብሎ ይተረታል፤ በሳምንቱ ድርጅቱ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ «ወጣቱ ለምን አይመጣም?» እንላለን።

ያ ካሴቱን ያገኘው ልጅ መጥቶ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ለምን በየወሩ አትጽፉልንም?» ብሎ ጠየቀ። መድረክ ላይ ከነበሩት አንዱ «አስቀድመህ አማርኛህን አስተካክል» አሉት፤ አዳራሹ ሳቀ። እኛም እዚያው ነበርን። አልሳቅንም፤ ግን አልተነሣንም። በሃያ አምስት ዓመታችን ቢሆን ወንበር ገልብጠን እንወጣ ነበር እያልን ራሳችንን እናጽናናለን፤ ማን ያምነናል?

ልጁ አሁን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በዚያው ምድር ቤት ይጮሃል። አንደኛዋ ከበሮ መቺ የጎንደር ልጅ ናት፣ ሌላው የሳልቫዶር ተወላጅ ነው። አባትየው «ጎረቤት ፖሊስ ሊጠራብኝ ነው» እያለ ያማርራል፤ በሩን ግን አልዘጋባቸውም። በሚቀጥለው ወር ቅዳሜ ያሳያሉ። መግቢያው 5 ዶላር፣ ገቢው ለማን እንደሚሰጥና ስንት እንደተሰበሰበ በማግስቱ በር ላይ ይለጠፋል ብለዋል። ወንበር የለም። ጉልበታችን ቢያመንም ቆመን እንሰማለን።