ከአልጀብራ 1 ጀምሪ ያላት ማን ነው?

ዘጠነኛ ክፍልን አዲስ አበባ ጨርሳ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የምትመዘገብ ልጅ ትራንስክሪፕቷ ላይ «ሒሳብ» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ከጎኑ ውጤቷ። በእኛ አገር አልጀብራውም፣ ጂኦሜትሪውም፣ ትሪጎኖሜትሪውም በአንድ መጽሐፍ ተቀላቅሎ ነው የሚሰጠው። አሜሪካ ውስጥ ግን በአብዛኛው አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ እየተባለ በየዓመቱ ተቆራርጦ ይሰጣል። የትምህርት ቤቱ ካውንስለር የሚመሳሰል ስም ሲያጣ ሳይፈትናት ከመጀመሪያው ኮርስ ላይ ያስቀምጣታል።

የእህቴን ልጅ እንዲህ አደረጓት። ኳድራቲክ እኩልታ ስትፈታ የከረመችውን ልጅ ከመነሻው መለሷት። ምክንያቱን ስንጠይቅ «እንግሊዝኛዋ እስኪጠነክር» አሉን። እንግሊዝኛዋ ካልጠነከረ እንግሊዝኛ አስተምሯት! ሒሳቧ ምን በደለ?

እስቲ አስሉት። አሥረኛ ክፍል ላይ አልጀብራ 1 የጀመረች ልጅ አሥራ ሁለተኛን የምትጨርሰው አልጀብራ 2 ላይ ነው። ፕሪካልኩለስን እንኳ ሳትነካ፣ ካልኩለስ ከወሰዱት እኩል ለኢንጂነሪንግ ልታመለክት ነው። ይህን ሁሉ የወሰነው በምዝገባ ቀን በጥድፊያ የተሞላ አንድ ወረቀት ነው። ያናድደኛል፤ ሊያናድዳችሁም ይገባል።

«ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው» ሲሏችሁ ከሰማይ የወረደ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1892 የተቋቋመውና የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት የመራው «የአሥሩ ኮሚቴ» የተባለው የትምህርት ኮሚቴ ሪፖርት ራሱ፣ ተማሪው አልጀብራን አንድ ዓመት ከተማረ በኋላ አልጀብራና ጂኦሜትሪ ጎን ለጎን እንዲሄዱ ነው የመከረው። ዛሬ ጂኦሜትሪን በሁለቱ አልጀብራዎች መካከል ሰንቅረው ልጁ አልጀብራውን ዓመቱን ሙሉ እንዲረሳ ያደርጉታል፤ ከዚያ «ደካማ ነው» ይሉታል። አልጀብራ 2 በዋናነት የሚቆመው በአልጀብራ 1 ላይ ነው። ጂኦሜትሪን ከአልጀብራ 2 ጋር በአንድ ዓመት መውሰድ፣ ወይም በክረምት መጨረስ የሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶች አሉ። የሚፈቅዱት ግን ለጠየቀ ነው፤ የሚጠይቀውም መንገዱን አስቀድሞ የሚያውቅ ወላጅ ነው።

እዚያው የተወለዱትም አላመለጡም። የእነሱ ፍልሚያ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ያኔ አልጀብራ 1 ያልወሰደ ልጅ በተለመደው መንገድ ካልኩለስ ሳይደርስ ይመረቃል። ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በእኩልነት ስም አልጀብራን ከስምንተኛ ክፍል አወጣች። ገንዘብ ያለው ከውጭ ከፍሎ ልጁን አስተማረ፤ የሌለው ቀረ። የትምህርት ቦርዱ እንዲመለስ ድምፅ የሰጠው በ2024 ነው። በመካከል ያለፉትን ልጆች ማን ይመልሳቸዋል?

ቦብ ሞዝስን አስታውሱ። ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮች ድምፅ እንዲሰጡ ሲያስመዘግብ የተደበደበ ሰው ነው። የሴት ልጁ ትምህርት ቤት አልጀብራ አይሰጥም ነበርና ክፍሏ ገብቶ ራሱ አስተማራት፤ አልጀብራ ፕሮጀክት የሚባለውም ከዚያ ተወለደ። ለእሱ አልጀብራ የዜግነት መብት ነበር።

እኛስ? «መምህር ያውቃል» ብለን እንፈርማለን። ለመምህር ያለን አክብሮት መልካም አስተዳደግ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ልጆቻችንን እያስከፈላቸው ነው። ሁለት ሥራ የምትሠራው እናት፣ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ የሚያድረው አባት ጊዜ እንደሌላቸው አውቃለሁ። ቢሆንም ለዚህ አንድ ቀን ፈቃድ ውሰዱ። የኢትዮጵያውን የሒሳብ መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ ምዕራፎቹን አሳዩአቸው። የምደባ ፈተና ይሰጣት በሉ። በሚገባችሁ ቋንቋ ማነጋገር በፌዴራል ሕግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነውና የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጅቷን ራሷን አስተርጓሚ አታድርጓት። «አይቻልም» ካሉም ምክንያቱን በጽሑፍ፣ ከነፊርማው ተቀበሉ፤ ከዚያም ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ግቡ።