ከጭብጨባው በፊት ሚዛን

"አውሮፕላን የሠራ ወጣት ተገኘ" ሲባል የሁሉም ሰው ስልክ በፎቶው ይሞላል። ይጨበጨባል፣ "ጎበዝ!" ይባላል፣ ሼር ይደረጋል። "ስንት ኪሎ ትመዝናለች?" ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። የወጣቱ ነፍስ ያለችው ግን እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

አስመላሽ ዘፈሩን ብዙዎች ያስታውሱታል። የጤና ባለሙያው አስመላሽ ራሱን በራሱ አስተምሮ፣ የፎልክስዋገን ሞተር ገጥሞ "ኬ-570ኤ" የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። በ2007 ዓ.ም. ሱሉልታ ላይ ለማብረር ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም ቦታው ትምህርት ይሰጣል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል፤ ሞተሩም ክንፉም ይደክማሉ።

ነገ ደግሞ የቦንጋ ልጅ ልሞክር ቢል? ቦንጋ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ 15 በመቶ ያህል ሳስቶ ይጠብቀዋል። በከፋ ሰማይ ላይ ትርፍ ኪሎ ውድ ነው።

ትርፍ ኪሎ የሚገባው ደግሞ ማንም በማይጠረጥረው በኩል ነው፦ በማለስለሻው። ክንፉ ከፎም ተቀርጾ ፋይበር ግላስ ከለበሰ በኋላ ጎድጓዳው ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ጋራዥ የለመደ እጅ ወዲያው ስቱኮ ያነሳል። ስቱኮ ለመኪና ደግ ነው። ግን አንዱ ሊትር ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል፤ ውስጡ ያለው ስታይሪንም ነጩን ፎም ካገኘው ያሟሟዋል።

ለአውሮፕላን የሚሆነው ኢፖክሲ ነው፤ ማይክሮ ባሉን ከሚባሉት፣ ውስጣቸው ባዶ ከሆነ የመስታወት ብናኞች ጋር የተቀላቀለ። በደንብ ከወፈረ ሊትሩ ግማሽ ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው።

አቀላቀሉም ሌላ ልማድ ይጠይቃል። ስቱኮ ቶሎ እንዲደርቅ ሃርድነር ይጨመርበታል። ኢፖክሲ ላይ ይህ ጥፋት ነው፤ ትርፉ ሃርድነር የሚጣመረው አጥቶ ሥራውን ያደክመዋል። ፋብሪካው የጻፈው መጠን በሚዛን ይለካል። መጀመሪያ ኢፖክሲውና ሃርድነሩ ብቻ በደንብ ይዋሃዳሉ። ብናኙ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማንኪያ ላይ የማይፈስ ገንፎ እስኪመስል ድረስ፣ አፍና አፍንጫ በማስክ ተሸፍኖ። በጥቂት በጥቂቱ ይበጥበጥ፤ ብዙ ከሆነ በራሱ ሙቀት ይጨሳል። በከፋ ዝናብ ወቅት ደግሞ እርጥበቱ የደረቀው ላይ ቅባት መሳይ ነገር ሊያወጣ ይችላል። በውሃ ታጥቦ ካልተፈገፈገ ቀጣዩ ንብርብር ይላጣል።

ይህ ሙሌት ማጣበቂያ አይደለም፤ ሸክም የሚችል መገጣጠሚያ ላይ አይገባም። የክንፉና የጭራው ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ላይ ደግሞ ጥቂት ግራሞች እንኳ ይቆጠራሉ። ከማጠፊያው በስተኋላ ክብደት ከበዛ ክፍሉ በፍጥነት ጊዜ መርገብገብ ሊጀምር ይችላል። በሰከንዶች ውስጥ ተገንጥሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

"አገሩ ድሃ ነው፣ በተገኘው ነው የሚሠራው" የሚሉ አሉ። የውጭው ዕቃ ውድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከሁሉ የሚረክሰው ሙሌት ያላስፈለገው ነው። ፎሙ መጀመሪያውኑ በጥንቃቄ ከተቀረጸ የሚሞላው ጥቂት ነው። ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ደግሞ ከሞተሩም ከፋይበሩም ይረክሳል።

ከፋ ለሚዛን እንግዳ አይደለም። ቦንጋ ላይ ቡና የሚገዛ ነጋዴ ይመዝናል፤ እርጥበቱንም ይጠይቃል፣ ውሃ በቡና ዋጋ እንዳይገዛ። ያ ጥንቃቄ ለምን ሰው ለሚሸከም ክንፍ ይነፈጋል? የቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች አንድ ሚዛን፣ አንድ ጣሳ ኢፖክሲና አንድ የሚያውቅ አስተማሪ ቢያቀርቡ ከመቶ የምስጋና ወረቀት ይበልጣል።

ለወጣቱ ይጨብጨብለት። መጀመሪያ ግን ሚዛኑ ይሰጠው።