አምፖል በዋት አይገዛም

ከጎንደር የኤልኢዲ አምፖል ጭኖ አምባ ጊዮርጊስ የሚያራግፍ ነጋዴ፣ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ማሸጊያውን ያንብብ። ዋቱ የሚናገረው ቆጣሪው ስለሚቆጥረው ነው፤ ብርሃኑን የሚናገረው ሉመን ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ያህል ይሰጥ ነበር፤ ደህና ኤልኢዲ ይህንኑ በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። ሉመኑ ያልተጻፈበት አምፖል፣ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ በእኛ እምነት አይገዛም።

ጨርቅ ቸርቻሪ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው፣ «ሲአርአይ» የሚባለው፣ ከ80 ካነሰ ቀዩ ጥለት ደብዝዞ ይታያል፤ ማታ የተሸጠው ነጠላ ጠዋት በፀሐይ ሌላ ሆኖ ይመለሳል። ኃይል ከፍ ዝቅ በሚልበት መስመርማ፣ «220 ቮልት» ብቻ ከሚለው ይልቅ ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚሠራው ጥቂት ብር ቢጨምርም ያዋጣል። አከፋፋዩ ዋስትና በጽሑፍ ካልሰጠ ሁለት አምፖል ወስዶ ሳምንት ሙሉ ማብራት ነው፤ ካርቶኑ ከዚያ በኋላ ይጫናል።