የጓሮ ፍራፍሬ ዝንቦችን ለማጥናት ወጥመድ ብቻውን አይበቃም

የፍራፍሬ ዝንቦችን ስብጥርና ሥርጭት የሚመረምሩ ጥናቶች በአብዛኛው ወንዴ ዝንቦችን በሽታ በሚስቡ ወጥመዶች ላይ ይመሠረታሉ። ዘዴው ቀላል በመሆኑ ለመጀመሪያ ቅኝት ተመራጭ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ሮቢት ባሉ የራያ ቆላ አካባቢዎች፣ ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ፓፓያና ብርቱካን በአንድ ጓሮ ተቀላቅለው በሚበቅሉበት ሁኔታ፣ በወጥመድ ቆጠራ ብቻ የሚደረስበት መደምደሚያ ሊያሳስት ይችላል።

አንደኛው ምክንያት የሳቢዎቹ መለያየት ነው። በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2003 በኬንያ የተመዘገበውና በኋላም ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ በሜታይል ዩጂኖል እጅግ ይሳባል። የሜዲትራኒያን ፍራፍሬ ዝንብ የሚባለው ሴራታይቲስ ካፒታታ ግን የሚሳበው በትራይሜድሉር ሲሆን፣ የዚህ ሳቢ ኃይል ደካማ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ወጥመዶች የተያዙትን ዝንቦች ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱ ዝርያ ከሌላው ይበዛል ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው፣ ፍሬውን የምትጎዳው ከልጣጩ ሥር እንቁላል የምትጥለው ሴቷ ዝንብ ናት፤ ወጥመዱ የሚይዘው ግን ወንዴውን ነው። ኃይለኛ ሳቢ ከጎረቤት አጥር ጭምር ስለሚጠራም፣ የተያዘው ዝንብ በዚያው ጓሮ ስለመራባቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

አማራጩ የታወቀ ነው። ከዛፍም ከመሬትም ፍሬ በየዓይነቱ ሰብስቦ መመዘን፣ በአሸዋ ላይ ማቆየት፣ ከዚያም የሚወጡትን ዝንቦችና በእጮቹ ላይ ጥገኛ የሆኑ ተርቦችን በዝርያ ለይቶ መቁጠር ይቻላል። ሥራው ጊዜና ቦታ እንደሚጠይቅ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጥናት ጊዜም አጭር እንደሆነ እሙን ነው። ቢሆንም ብዙ ጓሮዎችን በወጥመድ ብቻ ከመቃኘት፣ ጥቂት ጓሮዎችን በየፍሬው ወቅት መከታተል የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል።

ጉዳዩ የዘዴ ምርጫ ብቻ አይደለም። ጥናቱ ባክትሮሴራ ዶርሳሊስን ብቻ ካጎላ፣ ለገበሬው የሚሰጠው ምክር በሜታይል ዩጂኖል ወንዴዎችን ማጥፋት ይሆናል፤ በዘይቱኑ ወይም በብርቱካኑ ውስጥ የሚራባው ሌላ ዝርያ ግን ሳይነካ ይቀራል። ከዚህም በላይ እጮቹ ከፍሬው ወጥተው አፈር ውስጥ ስለሚለወጡ፣ የወደቀ ፍሬ በአንድ ግቢ ቢለቀምም በጎረቤት እስከተተወ ድረስ ዝንቡ ተመልሶ ይመጣል። የትኛው ፍሬ የትኛውን ዝርያ በየትኛው ወቅት እንደሚያስተናግድ የሚያሳይ ጥናት፣ መንደርተኛው የትኛውን ፍሬ መቼ በጋራ መልቀምና መቅበር እንዳለበት ሊነግረው ይችላል።