«ለቁርኣን ነው የምገዛው» አትበል



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ ፕሌይስቴሽን ነው። «ጌም ሐራም ነው ወይስ ሐላል?» የሚለውን የዘወትር ክርክር ግን አልከፍተውም። እሱ የዑለሞቻችን ሥራ ነው፤ እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። የማነሳው ከዚያ ቀድሞ የሚመጣውን ነው፦ ዕቃውን ወደ ቤት ለማስገባት ስንል የምንናገረውን ቃል።

ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። «እማ፣ ይሄ እኮ ጌም ብቻ አይደለም። ፊልም ያሳያል፣ ዩቲዩብ አለው፣ ቁርኣን ይቀራበታል፣ የኡስታዞቹን ደርስ በትልቁ ቲቪ ታዪበታለሽ።» እናት ጌም ምን እንደሆነ ላታውቅ ትችላለች። ቁርኣን የሚለውን ስትሰማ ግን ልቧ ይከፈታል። ልቧ ሲከፈት ቦርሳዋም ይከፈታል። እኛም ይህን አሳምረን እናውቃለን።

ይህን የምጽፈው ከማንም የተሻልኩ ሆኜ አይደለም። ራሴ ብዬዋለሁ። ቤታችን የካ ውስጥ ነው፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ። ደርስ የሚሰጥበት መስጂድ ከእኛ ቁልቁል ነው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ቁልቁለቱን ብትወርደው እንኳ ዳገቱን መመለስ ይከብዳታል። «ደርሱን እቤት ድረስ አመጣልሻለሁ» ስላት አመነችኝ። የዕቁብ ብሯን አውጥታ ሰጠችኝ፤ ያገለገለ ፒኤስ ፎር ገዛሁበት።

የመጀመሪያውን ሳምንት ቃሌን ጠበቅሁ። ከዐስር በኋላ ሱረቱል በቀራን እከፍትላታለሁ፤ ቡናዋን እያፈላች ታዳምጣለች። በሁለተኛው ሳምንት «ይቺ ግጥሚያ ትለቅ» ማለት ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ምሽት መጥታ የሳሎኑ በር ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ ዛሬ ቁርኣኑ የለም እንዴ?»

ጆይስቲኩን ከእጄ ሳላወርድ፣ ዞሬም ሳላያት «አሁን እማ፣ አምስት ደቂቃ» አልኳት። ቆመች። ጠበቀች። ከዚያ ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቶ የቁርኣን ድምፅ ከጓዳ መጣ። ድሮም ቤታችን የነበረች፣ ፍላሽ የምታጫውት ትንሽ ስፒከር አለች፤ እሷን ከፍታ ነው። ከጓዳ ቁርኣን ይሰማል፣ ከሳሎን የፊፋ ስታዲየም ጩኸት ይሰማል። በዚያች ቅጽበት እውነቱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፦ ቤታችን ቁርኣን የሚያጫውት ዕቃ አጥቶ አያውቅም። ያጣሁት እኔ ነኝ፤ ያጣሁትም ጌም ነበር።

ወንድሜ ሆይ፣ እስቲ ዲኑን ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገውና በቴክኒኩ ብቻ እንነጋገር። «ለሚዲያ ነው የምገዛው» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እውነት ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ዲቪዲ ያጫውት ነበር። ያኔ ዲቪዲ ማጫወቻ ውድ ስለነበር ብዙ ቤተሰብ ለፊልምም ጭምር ብሎ ገዛው፤ በጠቅላላው ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 ብሉሬይ ይዞ ሲመጣም ለብቻው የሚሸጥ የብሉሬይ ማጫወቻ ከእሱ የማይረክስበት ጊዜ ነበር። ያኔ «ለፊልም ነው» ያለ ሰው ሒሳቡ ያስኬድ ነበር።

አሁን ወደ ሳሎናችን እንመለስ። ፒኤስ ፎር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ገበያ ሲወጣ ፍላሽ ላይ ያለ ቪዲዮ አያጫውትም ነበር። ኤምፒ ስሪ እንኳ አያጫውትም ነበር። ከፍላሽ ድምፅ ለማጫወት እስከ 2014 መጨረሻ፣ ቪዲዮ ለማጫወት ደግሞ እስከ ጁን 2015 ድረስ መጠበቅ አስፈልጓል። የድምፅ ሲዲ ዛሬም አያጫውትም፤ አባትህ ያስቀመጠው የቁርኣን ሲዲ ካለ እሱ ላይ አይሠራም። በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ብትሰካበት አያነበውም። የዲሽ መስመር የሚገባበት ቀዳዳም የለውም። ስለዚህ ነሲሓም ሆነ ሚንበር በዲሽ የሚመጡት በዚያው በድሮው ሪሲቨር እንጂ በአዲሱ ዕቃህ አይደለም።

ከሁሉ የሚብሰው ሪሞቱ ነው። ፒኤስ ፎር የተለመደውን ሪሞት የሚቀበልበት ዓይን የለውም። አንዳንድ ቲቪ በኬብሉ በኩል በራሱ ሪሞት ሊያዘው ይችላል፤ በብዙ ቤት ግን የሚታዘዘው በጆይስቲክ ነው። እናትህ ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ ኤክስና አራት ማዕዘን የተሳለበትን ጆይስቲክ ይዛ ሱረቱል ከህፍን ፈልጋ ልትከፍት ነው? አትከፍትም። አንተን ትጠብቃለች። ለእሷ የተገዛ ዕቃ እሷ የማትከፍተው ከሆነ ለእሷ አልተገዛም ማለት ነው።

መብራቱንም አስብ። መጀመሪያ የወጣው ፒኤስ ፎር ቪዲዮ ብቻ ሲያሳይ ከ80 ዋት በላይ ይበላል። በቀን አራት ሰዓት ብትከፍተው በወር ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። ኤንአርዲሲ የተባለው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2014 ባወጣው ጥናት፣ የዚያን ዘመን ኮንሶሎች ፊልም ለማሳየት ለዚሁ ሥራ ከተሠሩ ትናንሽ ማጫወቻዎች ከ30 እስከ 45 እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይወስዳሉ ብሏል። እኛ ከእንጦጦ ጫካ ጀርባቸው እስኪጎብጥ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን እያየን ያደግን ልጆች ነን። ማገዶ በከንቱ ሲነድ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረን አይገባም። ፍላሽ ቲቪው ጀርባ ላይ ሰክተህ የምትሰማውን ቁርኣን በዚያ ሁሉ ኃይል መስማት ኢስራፍ እንጂ ዒባዳ አይደለም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ዕቃው መጥፎ ነው እያልክ ነው?» የሚል ይኖራል። አላልኩም። «ታናሽ ወንድሜ ፕሌይስቴሽን ቤት ከሚውል፣ እዚያም ከቤቲንግ ልጆች ጋር ከሚገጥም፣ እቤት እናቱ እያየችው ቢጫወት ይሻላል» የሚል ወንድም ካለ፣ ይህ የሚያከራክር ቢሆንም እውነተኛ ምክንያት ነው። ለእናትህ ንገራት፤ እሷ ትመዝነዋለች። «ሥራ ውዬ ሲደክመኝ አንድ ሰዓት መጫወት እፈልጋለሁ» ካልክም ይህም እውነት ነው፤ ንገራት። የእኔ ጠብ ከጌሙ ጋር አይደለም። የእኔ ጠብ ጌሙን በቁርኣን ሽፋን ጠቅልሎ ከማስገባት ጋር ነው።

የኒያን ሐዲስ የማያውቅ ማነው? ቡኻሪ ሰሒሓቸውን የከፈቱት በእሱ ነው፤ ኢማሙ ነወዊም አርበዒንን የጀመሩት በእሱ ነው። መድረሳ ደጃፍ የደረሰ ልጅ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ግን የምንጠቀምበት ተገልብጦ ነው። «ኒያዬ ጥሩ ነው» ብለን ሌላውን ዝም ለማሰኘት እንጠቅሰዋለን እንጂ ራሳችንን ለመጠየቅ አንጠቅሰውም። እስቲ ራስህን አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ይህ ዕቃ ቁርኣንና ደርስ ብቻ የሚያጫውት፣ ጌም የሚባል ነገር የማይሠራ ቢሆን በዚያው ዋጋ ትገዛው ነበር? መልሱ «አይ» ከሆነ ኒያህን አውቀኸዋል።

የቅዳሜን ሰዎች ታሪክ አስታውሱ። ቅዳሜ ዓሣ እንዳያጠምዱ ተከለከሉ። ተፍሲሮች እንደሚተርኩት አንዳንዶቹ ዓርብ መረባቸውን ዘርግተው እሁድ ሰበሰቡ። «ቅዳሜ መች አጠመድን?» አሉ። በቃል ደረጃ አልዋሹም። አላህ ግን መረቡን የዘረጋውን ልብ ያያል። እኛም «ቁርኣን ይቀራበታል» ስንል በቃል ደረጃ አልዋሸን ይሆናል፤ አዎ፣ ሊቀራበት ይችላል። መረቡ ግን ለምን እንደተዘረጋ አላህም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

ከዚህ በተቃራኒ የእኛኑ አገር ሰዎች ታሪክ ተመልከቱ። በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ጦራቸውን ይዘው ተጫወቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ከለል አድርገው፣ እሷ ራሷ ጠግባ እስክትተው ድረስ አሳዩዋት። እነዚያ ሐበሾች መስጂድ ውስጥ ሆነው እንኳ «ይሄ እኮ ደርስ ነው» አላሉም። ጨዋታውን ጨዋታ ብለው ተጫወቱ። የዲናችን ስፋት ይህን ያህል ሆኖ ሳለ እኛ ለአንድ ሰዓት ጨዋታ የቁርኣንን ስም ለምን እንዋሳለን?

«ምን ጉዳት አለው? ቢያንስ አልፎ አልፎ ቁርኣን ይከፈትበታል» ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው።

አንደኛ፣ እናትህን በአላህ ቃል አታለሃታል። በሌላ ነገር ብታታልላት አንድ ጥፋት ነው፤ እምቢ በማትልበት ነገር ስታታልላት ግን ጥፋቱ ድርብ ነው።

ሁለተኛ፣ ቁርኣንን ለጌም ተራ ጠባቂ አድርገኸዋል። አንድ ቲቪ፣ አንድ ዕቃ፣ አንድ ሳሎን ነው ያለው። ቁርኣኑ ሲከፈት ጌሙ ይቆማል። ያኔ ሳታስበው ቁርኣኑ ቶሎ እንዲያልቅ መመኘት ትጀምራለህ። በራሴ ላይ ስላየሁት ነው የምናገረው። አንድ ሙእሚን ልብ ውስጥ ከዚህ የከፋ ምን ሊገባ ይችላል?

ሦስተኛ፣ ትናንሾቹ ይማራሉ። የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሜ ባለፈው ስልክ እንዲገዛለት ሲለምን ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «ለቁርኣን አፕ ነው!» ከማን እንደሰማው ቤቱ ውስጥ የሚጠይቅ አልነበረም። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ገና ያልገዛህ ከሆነ የምትፈልገውን በስሙ ጥራና ጠይቅ። እምቢ ከተባልክ ሶብር አድርግ፤ በማታለል ከሚገባ ዕቃ ባዶ ሳሎን ይሻላል። የገዛህ ከሆነ ደግሞ ቁርኣኑን ከዚያ ዕቃ ነፃ አውጣው። አንድ ፍላሽ ግዛ፣ የምትወደውን ቃሪእና የምትከታተለውን ደርስ ጫንበት፣ ቲቪው ወይም ሪሲቨሩ ላይ ሰካው፣ እናትህ በራሷ ሪሞት እንዴት እንደምትከፍተው አሳያት። ጌሙን ለጌም ተወው፤ አዛን ሲል የሚዘጋ፣ ሰዓቱ የታወቀ ይሁን። ቃል ገብተህ የበላህ ከሆነ ግን ቅድሚያ ያለው ፍላሹ አይደለም፤ ሄደህ እውነቱን መናገር ነው።

እኔ ነገርኳት። «እማ፣ ለጌም ነበር የገዛሁት። የዕቁብ ብርሽን በቁርኣን ስም ነው የወሰድኩት፤ አውፍ በይኝ» አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ቡናዋን እየቀዳች «እሱንማ የገዛኸው ዕለት አውቄዋለሁ። ደርሱ ጋ ግን መቼ ነው የምትወስደኝ?» አለችኝ።

ለካ እሷ የጠየቀችው ቲቪ አልነበረም። እቤት ድረስ የሚመጣ ደርስም አልነበረም። ክንዷን ይዞ ቁልቁለቱን የሚያወርዳት፣ ዳገቱን የሚያወጣት ልጅ ነበር የፈለገችው። አሁን እሁድ እሁድ አብረን እንወርዳለን። በየመብራት ምሰሶው ሥር እያረፍን እንመለሳለን። የትኛውም ማሽን የማይሠራው ሥራ ነው።

አላህ ኒያችንን ያጥራልን። ለወላጆቻችን እውነት የምንናገር ልጆች ያድርገን። ቤቶቻችንን የቁርኣን ድምፅ የሚሰማባቸው፣ ተራ የማይጠብቅባቸው ቤቶች ያድርግልን። አሚን።

ይህን ጽሑፍ «ለቁርኣን ነው» ብሎ ለገዛ ጓደኛችሁ አድርሱለት። ለመውቀስ ሳይሆን ለማስታወስ ይሁን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።