«ፍሮንት ዊል ግዙ» ግማሽ ምክር ነው

እዚህ ሚኒሶታ «መኪና ልገዛ ነው» ያለ ተማሪ ሁሉ ከቤተሰብም ከጓደኛም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ፍሮንት ዊል ይሁን፤ በረዶ ላይ አያስቸግርም።» ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። በነርሲንግ ትምህርታችን አንድ መድኃኒት የሚያደርገውን ብቻ ሳይሆን የማያደርገውንም እንድናውቅ ይጠበቅብናል። ሳይነጋ ተነስተን ወደ ክሊኒካል የምንነዳ፣ በሌሊት ከሥራ የምንመለስ ተማሪዎች ስለ መኪናችንም እንደዚያው ማወቅ አለብን እላለሁ።

መጀመሪያ እውነት የሆነውን ግማሽ እንየው። ፍሮንት ዊል መኪና ላይ ሞተሩም ካምቢዮውም ፊት ስለሆነ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማው የሚያርፈው የፊት ጎማዎች ላይ ነው። መኪናውን የሚጎትቱትም እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ሲቪክ ወይም አዲሱ ኮሮላ በረዶ ከሸፈነው ፓርኪንግ ተነስቶ ይወጣል፤ ኋላው ቀላል የሆነ ሪር ዊል ግን ጎማው እዚያው ሊሽከረከር ይችላል። አባቶቻችን አዲስ አበባ ላይ የነዱት ላዳና ኮሮላ ዲኤክስ ሪር ዊል ነበሩ። «ኋላ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጫንበት» የሚለው የትልልቆቻችን ምክር ለእንደዚያ ዓይነት መኪና ይሠራል። ሲቪክ ላይ ግን አሸዋው የሚያርፈው በማይጎትቱት ጎማዎች ላይ ስለሆነ ለመነሳት አይጠቅምም።

ትልቁ ልዩነት የሚታየው ኩርባ ላይ ነው። ፍሮንት ዊል ላይ የፊት ጎማዎች ሁለት ሥራ አለባቸው፦ መጎተትና አቅጣጫ መያዝ። የሚያዳልጥ ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ከገባችሁ ወይም ነዳጅ ካበዛችሁ፣ መሪውን ብታዞሩም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያን ጊዜ መሪውን ይበልጥ መጠምዘዝ አይረዳም። እግርን ከነዳጁ ላይ ማንሳት፣ መሪውን ጥቂት መመለስና ጎማው መንገዱን እስኪይዝ መታገስ ነው። ሪር ዊል ላይ ነዳጅ ሲበዛ የሚያመልጠው ኋላው ነው። እዚያም እግርን ቀስ አድርጎ ማንሳት፣ ዓይንን መሄድ ወደምትፈልጉበት መጣልና መሪውን ወደዚያው ማዞር ያስፈልጋል። ለጀማሪ የመጀመሪያው ይቀላል፤ እሱን አልክድም።

ወደ መቆም ስንመጣ ግን ልዩነቱ ብዙም ትርጉም የለውም። የሁለቱም ፍሬን የሚሠራው በአራቱም ጎማ ነው። የግማሹ ምክር አደጋም እዚህ ጋ ነው፦ መነሳት ስለቀለለን መቆምም የሚቀል ይመስለናል። ከ2012 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ሁሉ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስ እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል። ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን እሱም ቢሆን ጎማው መንገዱን ከያዘው በላይ ሊይዝለት አይችልም።

ስለዚህ «ፍሮንት ነው ወይስ ሪር?» ከማለታችን በፊት «ጎማው እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቅ። የተለመደው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየደረቀ ይሄዳል፤ ለብርድ የተሠራው ግን ላስቲኩ እንደለሰለሰ ይቆያል። ስትገዙ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ፈልጉ። ገንዘብ ለመቆጠብ ሁለት ብቻ ገዝቶ ፊት ላይ ማሰር ግን ሌላ መዘዝ አለው፦ ፊቱ ይይዛል፣ ኋላው ያመልጣል፤ ፍሮንት ዊሉ ራሱ ኩርባ ላይ ይዞራል። ከተቀየሩ አራቱም ይቀየሩ።

«የተማሪ ኪስ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጎማ ውድ ነው። ነገር ግን የብርድ ጎማው ሲታሰር ሌላው ያርፋል፤ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል። መኪና ስትገዙም ለቆዳ ወንበርና ለትልቅ ስክሪን የምትጨምሩትን ቀንሳችሁ ለጎማ አስቀምጡት። እኔ በበኩሌ ጎማው ካለቀ ኮሮላ ይልቅ አራት የብርድ ጎማ ያሰረ መስታንግ ውስጥ፣ ረጋ ብሎ ከሚነዳ ሰው ጋር ብቀመጥ ይሻለኛል።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ቡና አፍልተን እንቀበላቸዋለን፤ ደስ ይላል። የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ደግሞ ፈቃድ ጠይቀን ባዶ ፓርኪንግ ላይ አንድ እሑድ ጠዋት እናውጣቸው። ልምድ ያላቸው ተመራቂዎቻችን አጠገባቸው ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ በገዛ መኪናው፣ በዝግታ ፍሬን ይዞ ምን ያህል ርቆ እንደሚቆም፣ ሲንሸራተትም ፊቱ ይሁን ኋላው የሚያመልጠው ይየው። ከአዲስ አበባም ከዱባይም ገና የመጣ ተማሪ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሀይዌይ ላይ መሆን የለበትም።