ወባ የካርታ መስመር አያውቅም



ትኩሳት የያዘው ልጅ ሲመጣ «ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ወጥቶ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ወላጆች «እኛ እኮ ልደታ ነው የምንኖረው ዶክተር፣ ወባ ከየት ይመጣል?» ይሉኛል። አባባሉ መሠረት አለው፤ ወባ በአገራችን በብዛት የሚተላለፈው ከ2000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ በላይ ናት። ነገር ግን ካርዱ ላይ የተጻፈው አድራሻ ልጁ ያደረበትን ቦታ ሁሉ አይናገርም።

ይህ ስህተት የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮችን በ6 ቀጠናዎች ከፍሏል። ኢትዮጵያ ጽሕፈት ቤቱ ብራዛቪል በሚገኘው የአፍሪካ ቀጠና ውስጥ ናት፤ ጎረቤታችን ጅቡቲ ግን ጽሕፈት ቤቱ ካይሮ በሆነው የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ቀጠና ውስጥ ናት። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ አከፋፈል ደግሞ ሁለታችንንም ምሥራቅ አፍሪካ ይለናል።

ትንኟ ግን ይህን ሁሉ አታውቅም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ውስጥ ተገኘች፤ በ2016 ደግሞ በእኛው ቀብሪ ደሃር ታየች። በ2022 በድሬዳዋ ለተከሰተው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ይህች ትንኝ ከተማ ትወዳለች፤ በበርሜልና በሮቶ ውኃ ውስጥ ትራባለች።

እንደ እኔ እምነት ቀጠና መክፈል ለዕቅድና ለበጀት ያስፈልጋል። ነገር ግን ጎረቤት አገር የሚታየው በሽታ «የሌላ ቀጠና ጉዳይ» ሊባል አይገባም። ቤታችንም ውስጥ «የእኛ ሰፈር ወባ የለም» ብሎ መዘናጋት ያው ነው። በጊዜ ያልታከመ ወባ ሕፃን ልጅን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ፦

✅ ልጁ ከጉዞ ተመልሶ ካተኮሰው፣ ሳይጠየቁም የት እንደነበረ ለሐኪም ይንገሩ። አንዳንዱ የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል።
✅ «ጉንፋን ነው» ብለው ቤት አያቆዩት፤ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ያስደርጉ።
✅ ወባ ወዳለበት አካባቢ ሲሄዱ አጎበር ይያዙ።
✅ እዚያ ያሉ ዘመዶችዎ የውኃ በርሜላቸውን እንዲከድኑ ይምከሩ።

ለሌሎች ወላጆችም ሼር ያድርጉ!